ዘንጌን ማን ለወጠው

ሰኞ 4

ዛሬ ዱላዬ ተሰበረ። ድራይቨር የሚሉት ትልቁ፣ ኳሱን መጀመሪያ የምንለጋበት። ጭንቅላቱ ደህና ነው፤ ዘንጉ ነው ከአንገቱ ላይ ቅንጥስ ያለው። ሃያ ዓመት ያገለገለ ብረት እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ አይሰበርም። ዕቃ ቤት ሲያድር ማን እንደነካካው እግዜር ይወቅ።

ይኸን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ናት። ሆድህ ውስጥ ከሚብላላ ጻፈውና ይውጣልህ አለችኝ። ፊደል ያስቆጠረችኝ ሟቿ ባለቤቴ ነበረች፣ ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ። እጄ ለእርሳስ ይከብዳል። ቢሆንም ያየሁትን እጽፋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

በዚህ የጎልፍ ሜዳ ሠላሳ አንድ ዓመት ሣር አጭጃለሁ። ጡረታ የወጣን ሠራተኞች ሰኞና ሐሙስ ጠዋት እንድንጫወት ተፈቅዶልናል። በዓመት አንዴ ከወንዙ ማዶ ካለው ሜዳ ጡረተኞች ጋር እንገጥማለን፤ ከየሜዳው ሁለት ሰው፣ አንዷን ኳስ እየተፈራረቁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የገባነው እኔና አማቼ ነን። የሟቿ ወንድም ነው፣ የሜዳው የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ የነበረ። መጀመሪያ የምመታው እኔ ነኝ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ዘንድሮ የሜዳው ጸሐፊ አዲስ ነገር አመጣ። ውድድሩ ሊደርስ ሲል ሁላችንም ሦስት ሦስት ኳስ እንመታለን። ሁለቱን ሜዳውን ከሚያቋርጠው ቦይ ያላሻገረ አይገባም። ቦዩን በአካፋ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። በገዛ ቦዬ ሊፈትነኝ ነው። ለምን ዘንድሮ?

ሐሙስ 7

ዘንግ ቀያሪው ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ጠባብ ክፍል አለችው። ሞርሳ፣ የሙጫ ሽታ፣ ከአባላት ዱላ የወለቁ ዘንጎች የቆሙበት በርሜል። ለእኛ ለጡረተኞች ከበርሜሉ መርጦ በነጻ ይገጥምልናል። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሲናገር አያይህም፣ እጅህን ነው የሚያየው። ይኼ ደስ አይለኝም።

የሰው ዘንግ የሰው ጫማ ነው ይላል። እጁ ፈጣን የሆነ ድርቅ ያለ ዘንግ ይስማማዋል፤ ዝግ ያለ ሰው ደግሞ የሚለመጥ። ዘገምተኛው ድርቁን ከያዘ ጭንቅላቱ በሰዓቱ አይዞርለትም፣ ኳሱ ዝቅ ብሎ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ይኸን ሁሉ የሚነግረን እኛ ሜዳው ላይ ሸብተን ነው።

ፍጥነት የምትለካ ሳጥን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። አማቼም ዘንጉ አርጅቶበት ሊያስቀይር ስለመጣ ቀድሞ ተለካ። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እሽ እሽ አድርጎ መታና ተመለሰ። አፈርኩለት።

ከዚያ እኔ። ስምንቱ ጡረተኞች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ያያሉ። ከሥሩ ነቅዬ ነው የመታሁት፤ ሦስተኛው ላይ ኮፍያዬ ወደቀ። ዘንግ ቀያሪው ሳጥኗን አየ፣ እኔን አየ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ የሚመቱት ጋሼ አለኝ። ታዲያ እንዴት ልመታ ኖሯል አልኩት። ጻፈ። አማቼ ቀና ብሎ ደመና ያያል።

ማታ ጎኔን ያዘኝ። ልጄ ቅባት አሸችኝ። የአልጋው ነገር ነው።

ሰኞ 11

ዘንጉ ደረሰ። ጥቁር ነው። የአማቼም ጥቁር። አንድ ቀን፣ በአንድ ሙጫ የተገጠሙ።

ቀኝ። ቀኝ። ቦዩ ውስጥ። ዝቅ ብሎ ቀኝ። ቦዩ ውስጥ።

ነፋስ አልነበረም።

ሐሙስ 14

ዛሬም ቀኝ። አሥራ ሁለት መትቼ ያሻገርኩት አንድ። እሷም ድንጋይ ላይ ነጥራ ነው፤ ማንም አላየም።

እንዲህ ያለ ነገር በእኔ ደርሶ አያውቅም። ሰው ታዝቦኛል። የበር ዘበኛ የነበረው ጡረተኛ፣ ቀልደኛው፣ ቦዩ ውስጥ ዓሣ አለ እንዴ ጋሼ፣ በኳስ የሚያጠምዱት አለኝ። ሁሉም ሳቁ። አማቼ አልሳቀም። ያልሳቀው ለምንድን ነው? ንጹሕ ሰው ይስቅ ነበር።

ልወጣ ስል ኮፍያዬን ረስቼ ተመለስኩ። የዘንግ ቀያሪው በር ገርበብ ብሏል። አማቼ ውስጥ ነው። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ፓምፕ አጠገብ ሠርቶ ሠርቶ ሹክሹክታ አይችልም። እንዲህ አለ፦

"አትንገረው። አንተ ብትነግረው አይሰማም። ዘንጉ ራሱ ይንገረው።"

ያኛው ሳቀ። ኮፍያዬን ሳልወስድ ሄድኩ።

ምንድን ነው የማይነገረኝ? ዘንጉ ምን አውቆ ነው የሚነግረኝ? በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ መጀመሪያ ልምታ ብሎኝ አያውቅም። ፊት ለፊት ያልጠየቀኝን በጓሮ ሊወስደው ይሆናል። ከእህቱ ጋር ሠላሳ ስድስት ዓመት ስኖር ይኼ ሰው አንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ አልተናገረም። ዝምተኛ ሰው ሆዱ ሰፊ ነው፤ ምን እንዳጠራቀመበት አይታይም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እሑድ 17

ሟቿ ካረፈች ጀምሮ አማቼ እሑድ እሑድ ምሳ ከእኛ ጋር ይበላል። ዛሬም መጣ። የልጄን የሚንጠባጠብ ቧንቧ ጠገነ። ወጥ ቤት ውስጥ ከልጄ ጋር ያወራሉ፣ ስገባ ዝም። ምን እያላችሁ ነው ስላት ስለ ቧንቧው ነው አባዬ አለችኝ። ስለ ቧንቧ ሰው በሹክሹክታ ያወራል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ሲሄድ ደረጃው ላይ፣ ሐሙስ ዝም ብለህ ረጋ ብለህ ምታ አለኝ። ሊያዳክመኝ ነው። ያልረጋሁት መቼ ነው?

ሰኞ 18

ዘንግ ቀያሪው መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ጋሼ ሌላ እንሞክር፣ በርሜሉ ውስጥ የሚለመጥ አለኝ አለ።

የሚለመጥ የማን ነው አልኩት። ለሽማግሌ ነው?

"ለኳስ አመታትዎ ነው" አለኝ። እጄን እያየ።

በቁጥሬ ገጥመህልኛል፣ ቁጥሬን ራስህ ጽፈሃል፣ አሁን ደግሞ የሚለመጥ ልታሸክመኝ ነው ብዬ ጥዬው ሄድኩ። ጸሐፊው የሚለመጥ ይዤ ካየኝ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ይቺን እነሱም ያውቋታል። ደህናውን ወስደው የሚለመጠውን ሊያስታቅፉኝ።

ሐሙስ 21

አማቼ አሥር መታ፣ ዘጠኝ ተሻገረ። ቀጥ ብሎ፣ በክር የተጎተተ ይመስል። ያ ዝንብ የሚያባርር እጅ። በዘጠኝ ዓመት አንዴ በልጦኝ አያውቅም።

እኔ ሁለት።

ሁለት ጥቁር ዘንግ። አንድ ቀን የተገጠሙ። አሁን ገባኝ።

ማክሰኞ 26

ይኼን ለማንም አልናገርም።

የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ አለ። ጡረታ ስወጣ ሳልመልሰው ቀረሁ፤ የጠየቀኝ የለም፣ መያዜም ጥፋት አይደለም። ማክሰኞ ሜዳው ውሃ ስለሚጠጣ ሰው የለም። ገብቼ የአማቼን ዱላ ከመደርደሪያው አወጣሁ። የእኔንም። ሌባ አይደለሁም፤ የራሱን የሚፈልግ ሰው ሌባ አይባልም።

ሁለቱን አስተያየሁ። ከእጀታው በታች በውጭ ፊደል ተጽፎባቸዋል፤ የአንዱ ከሌላው ይለያል። የውጭ ፊደል አላነብም። ማንበብም አላስፈለገኝ።

በእኔው አሥር መታሁ። ሁለት ተሻገረ።

በእሱ አሥር መታሁ። ስምንት ተሻገረ። እንዲያው ሳልደክም፣ ጎኔንም ሳይነካኝ፣ ጭንቅላቱ ራሱ ሄዶ ኳሱን ሳመው። የዱሮውን ሰው ሆንኩ። ሣሩ ላይ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ።

ይኼ የእኔ ዘንግ ነው። ለእኔ ተለክቶ የተቆረጠ። እጄ አወቀው። አንድ ቀን ተገጥመው፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ ማን ያውቃል ተብሎ። የገዛ አማቼ።

እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። እህቱ ብትኖር ምን እላት ነበር? ብትኖር አያደርገውም ነበር።

ሐሙስ 28

ተናገርኩ። ሁሉም ባለበት።

ኳስ ከመምታታችን በፊት አግዳሚው ፊት ቆምኩና ዱላውን ከእጁ ወስጄ ወደ ላይ አነሳሁት። ሆዴን የሞላውን ሁሉ አወጣሁት። ከዘንግ ቀያሪው ጋር ተመሳጥሮ ዘንጌን እንደለወጠ፣ በውድድሩ መጀመሪያ መቺ ሊሆን እንደፈለገ። ዘንግ ቀያሪው ማስታወሻውን ይዞ ሮጠ፤ ጋሼ ይዩት፣ የእርስዎ ፍጥነት ዘጠና ስድስት፣ የእሳቸው ሰባ ዘጠኝ፣ ድርቁ የእርስዎ የሚለመጠው የእሳቸው፣ በቁጥሩ ነው የገጠምኩት አለ። ቁጥር አነባለሁ። እውነትም እንዲያ ይላል። ወረቀት ግን የሰጡትን ይቀበላል አልኩት።

አማቼ ያን ሁሉ ጊዜ መሬት ያያል። ስጨርስ ቀና አለ።

"ሌባ ነህ ነው የምትለኝ?"

"ዘንጌን ከየት አመጣኸው ነው የምልህ።"

"ውሰደው" አለኝ።

ኮቱን አነሳና በሣሩ መሐል ሄደ፤ መንገዱን ትቶ፣ በሣሩ። ሠላሳ ዓመት በሣሩ አትሂዱ ስል የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ያንን ያውቃል። ቀልደኛው ዘበኛ እንኳ አፉን አልከፈተም።

የልቤን አደረስኩ። ይበለው። ምሳ ግን አልበላ አለኝ።

እሑድ 1

አልመጣም።

ልጄ ሦስት ሳህን ዘርግታ ነበር። አንዱን ራሷ አነሳችው። ወጥ ቤት ሆና፣ ዕቃ እያንኳኳች፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ፦

"አባዬ፣ ያን የተለካችሁ ዕለት ማታ ጎንህን ያሸሁህ ለምን ነበር?"

የአልጋው ነገር ነው አልኳት።

"አልጋው ያው ነው። ከዚያ በኋላ አሽቼህ አላውቅም።"

ይኼ ከነገሩ ጋር ምን አገናኘው? ሴት ልጅ አንዱን ከአንዱ ታገናኛለች። እናቷም እንዲሁ ነበረች፤ ዝም ብላ ትቆይና አንድ ጥያቄ ትጥላለች፣ ሳምንት ትቆረቁርሃለች። አጎቴ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ያለ እኛ ሰው የለውም አለችኝ። እኔስ ማን አለኝ አልኳት። እሱን ነው የምልህ አለች።

ሰኞ 2

ጸሐፊው ጠራኝ። ፈተናው ቅዳሜ ነው። የሚገባው በጥንድ ነው፣ አማችዎ ካልመጡ እርስዎም አይገቡም፣ ዘበኛውና አትክልተኛው ተዘጋጅተዋል አለ። ዘበኛው ሲዘጋጅ ከርሟል ማለት ነው። ማን ነገረው?

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ቀረሁ። ድርቁን አነሳሁ፣ የእኔ ነው የሚሉትን። እንዲያው ለማየት ብዬ ያን የተለካሁ ዕለት እንደመታሁት መታሁ። ከሥሩ ነቅዬ።

ቀጥ ብሎ ሄደ። ቦዩን ዘሎ ዛፎቹ ጋ ደረሰ።

ሁለተኛውም።

ሦስተኛው ላይ ጎኔን ያዘኝና ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አራተኛውን ተነስቼ እንደ ሁልጊዜው መታሁ። ቀኝ።

ብዙ ተቀመጥኩ። ሣሩ መታጨድ አለበት፤ አዲሱ አጫጅ ጠርዙን ይዘላል።

ማክሰኞ 3

አልጻፍኩም። እርሳሱ ደንዟል።

ረቡዕ 4

አማቼ ቤት ሄድኩ። ዱላውን በፎጣ ጠቅልዬ።

አንድ ክፍል ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። ጠረጴዛው ላይ የተፈታታ ፓምፕ ጋዜጣ ላይ ተበትኗል፤ የማን እንደሆነ እንጃ፣ አሁንም ለሰፈሩ ይጠግናል። በሩን ከፈተ። ግባም ውጣም አላለኝም። ገባሁ።

"ዱላህን አመጣሁልህ" አልኩት።

"የእኔ መሆኑን ማን ነገረህ?"

"የእኔው ነገረኝ።"

ብሎን አንስቶ በጨርቅ ይጠርጋል። የጸዳ ብሎን ነው። የማይነገረኝ ነገር ምን እንደነበረ ጠየቅሁት። አንተ ያን ዕለት ስትመታ አየሁህ አለኝ፤ ከሃያ ዓመት በፊት እንኳ እንዲያ መትተህ አታውቅም። ዘንግ ቀያሪው ደግሞ ሳጥኗ ያለችውን ጻፈ፣ ምን ያድርግ። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር አለ። ምን እንደምለው ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ነው የጠየቀኝ፣ ዱላዬን ሳትሞክር ያን ሁሉ አትልም ነበር፣ ዕቃ ቤቱን ማን ከፈተልህ ብሎ። ቁልፍ አለኝ አልኩት።

"ከየት?"

"ሳልመልሰው ቀርቼ።"

"አሥር ዓመት?" አለና ብሎኑን አስቀመጠ። "እንግዲህ ሌባው ማን እንደሆነ ታወቀ።"

ሳቀ። እኔም ሊያስቀኝ ነበር። እሱ ግን ቶሎ ተወው። ፊቱ እንደ ሐሙሱ ሆነ።

"ስምንት ሰው ፊት ነው ስሜን ያነሳኸው። በዚህ ክፍል ውስጥ አይታጠብም። ቅዳሜ ሳጥኗ ትቀመጥ፣ ስምንቱም ይቀመጡ፣ እንደገና ተለካ። እንደምትመኘው ሳይሆን እንደምትመታው። ያን ካደረግህ እመጣለሁ።"

"እምቢ ብልስ?"

"ዘበኛውና አትክልተኛው ይገባሉ።"

ዱላውን በሩ አጠገብ አቁሜ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ሻይ እንኳ አላፈላልኝም እያልኩ ነበር። ከዚያ ሳስበው፣ አፍልቶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ነበር። የእኔ ሳይነካ ቀርቷል።

ሐሙስ 5

እጫወታለሁ ብዬ ወጥቼ ከበሩ ተመለስኩ። እንደገና እንደምለካ ሁሉም ሰምቷል። አውቃለሁ፣ ሰላምታቸው ረዘመ።

ቅዳሜ 7

ሌሊት ዘንቦ ነበርና ሣሩ ርጥብ ነው። ስምንቱም አግዳሚው ላይ፣ ጸሐፊው ቆሞ፣ አማቼ በስተኋላ ዱላውን ተደግፎ። ዘንግ ቀያሪው ሳጥኗን አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ።

እዚህ ላይ ያሰብኩትን እጽፋለሁ፣ ደብተሩ ለዚህ ከሆነ። አንዴ ብቻ ነቅለህ ምታ አልኩ ለራሴ። አንድ ኳስ እችላለሁ፣ ሰኞ አይቼዋለሁ። ዘጠና ስድስት ይላል፣ ሁሉም አፉን ይይዛል፣ እውነተኛው እኔ እሆናለሁ። እጄ እጀታውን ጨብጦ ነበር። አማቼ እንደዚያን ዕለቱ ደመናውን አላየም። እኔን ነው የሚያየኝ። ከእህቱ ሞት በኋላ እሑድ እሑድ ደጄን ሲያንኳኳ በሚያየኝ ዓይን።

ጣቶቼን አላላሁ። እንደ ሁልጊዜው መታሁ። ሦስት ጊዜ።

ዘንግ ቀያሪው ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ ቀና አለ፣ ማስታወሻው ላይ ሊጽፍ ሆነ። ስንት አለ ብሎ ዘበኛው ጠየቀ።

"ጮክ ብለህ አንብበው" አልኩት ዘንግ ቀያሪውን።

"ሰባ ስምንት።"

አንዱ አሳለ። የሳቀ የለም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ወደ አግዳሚው ዞሬ፣ አማቼ ዘንጌን አልወሰደም አልኩ። ያን ዕለት የተለካው ሌላ ሰው ነው፣ እኔ አይደለሁም። ከዚህ በላይ ቃል አልወጣልኝም። ዘበኛው፣ ያ ሌላ ሰው ግን ይመታ ነበር አለ፤ ያኔ ሳቁ።

አማቼ መጥቶ የራሱን ዱላ አቀበለኝ። የመጀመሪያዋን ቦዩ ውስጥ ጨመርኳት። ሁለተኛዋ ተሻገረች። ሦስተኛዋን ሳልመታ ብዙ ቆምኩ፤ ያ ቦይ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አስቤ። ተሻገረች። ትንሽ ነው ያለፈችው፣ ግን አልፋለች፣ ጸሐፊው ራሱ ሄዶ አየ። አማቼ በዚያው ዱላ ሦስቱንም አሻገረ። ዝንብ ያባረረ ይመስል።

ጸሐፊው መዝገቡን ከፈተ። እንደ ሁልጊዜው እርስዎ መጀመሪያ አለኝ።

ሰባ ዘጠኝ ከሰባ ስምንት ይበልጣል አልኩት። እሱን አስቀድም።

አማቼ፣ ተው እንጂ አንተ አለኝ። ጻፍ አልኩት ጸሐፊውን።

ጻፈ። ስሜ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። በትክክል መጻፉን ጠጋ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩ።